የአንቴናው ካርቶን የማይናገረው

በአሜሪካ ገበያ የሚሸጥ የቤት ቴሌቪዥን አንቴና ካርቶኑ ላይ በጉልህ የሚታተመው ርቀት ነው። አንዱ 60 ማይል ይላል፤ ሌላው 150፤ በኢንተርኔት ከሚሸጡት መካከል ከዚያም በላይ የሚሉ አይጠፉም። ዕቃው ብዙውን ጊዜ መስኮት ላይ የሚለጠፍ፣ 30 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ስስ ፕላስቲክ ነው። ገዢው ቁጥሩን አምኖ ይወስደዋል። ቤቱ ገብቶ ሲሰካው ግን አሥር ማይል የማይርቅ ጣቢያ ጭምር አልመጣ ይለዋል። ያኔ ወይ ቴሌቪዥኑን ይጠረጥራል፣ ወይ ተስፋ ቆርጦ በየወሩ ወደሚከፈልበት ኬብል ይመለሳል።

ቁጥሩ ከእውነት የራቀ መሆኑን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አይጠይቅም። የቴሌቪዥን ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ይጓዛል፤ መሬት ደግሞ ክብ ናት። የማሰራጫው ማማ ስንት ማይል ድረስ እንደሚያይ ለመገመት ከፍታውን በጫማ ወስዶ በሁለት ማባዛት፣ ከዚያም ስኩዌር ሩቱን ማውጣት ይበቃል። 1000 ጫማ የሚረዝም ማማ ወደ 45 ማይል ያያል። ጣሪያ ላይ 30 ጫማ ከፍ ብሎ የተተከለ አንቴና በበኩሉ ወደ 8 ማይል ግድም ያያል። ሁለቱ ሲደመሩ 52 ማይል አካባቢ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቤት ከመሬት ክብነት በታች ተደብቋል። ሞገድ ኮረብታ አናት ላይ መጠነኛ እጥፋት ስላለው፣ ማማውም ኃይለኛ ከሆነ፣ በጥሩ አንቴና 60 እና 70 ማይል ድረስ የሚሳካላቸው አሉ። በሞቃት ወራት ማለዳ አየሩ በንብርብር ሲቀመጥ ደግሞ ከመቶዎች ማይል ርቀት ያለ ጣቢያ ብቅ ብሎ ፀሐይ ከፍ ስትል ይጠፋል። ይህ የአየሩ ሥራ እንጂ የፕላስቲኩ አይደለም።

የአንቴና ሻጮች ማጋነን ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶም ያውቃል። በ2021 እ.አ.አ. የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በአንድ የኒውዮርክ አንቴና ሻጭ ላይ ክስ መሠረተ። ድርጅቱ ደንበኞች በክፍያ ብቻ የሚገኙ ቻናሎችን ጭምር በአንቴናው በነጻ እንደሚያዩ እየነገረ ሲሸጥ ቆይቷል። ጉዳዩ የተዘጋው ከ31 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ውሳኔ ነበር፤ አብዛኛው ታግዶ ድርጅቱ እንዲከፍል የተደረገው ግን 650 ሺህ ዶላር ብቻ ነው። በርቀቱ በኩል ግን አንቴና በማይል የሚመዘንበት ሁሉም የተስማማበት መለኪያ እስከሌለ ድረስ ካርቶኑ ላይ የፈለጉትን ቁጥር መጻፍ አይቆምም።

ታዲያ ገዢው ምን ይጠይቅ? መጀመሪያ የሚጠየቀው የጣቢያው እውነተኛ ቻናል ነው። በሪሞት የሚነካው ቁጥርና ጣቢያው በአየር ላይ የሚጠቀምበት ሞገድ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። በዋሽንግተን ዲሲ «ቻናል 4» የሚባለው የኤንቢሲ ጣቢያ የሚያሰራጨው በ34 ነው፤ የፎክሱ «ቻናል 5» ደግሞ በ36። ሁለቱም ዩኤችኤፍ በሚባለው አጭር ሞገድ ውስጥ ናቸው። የኤቢሲው 7 እና የሲቢኤሱ 9 ግን በስማቸው ቦታ ላይ፣ ቪኤችኤፍ በተባለው ረዥም ሞገድ ላይ ይገኛሉ።

ልዩነቱ በሜትር ይለካል። በቻናል 36 የሞገዱ ግማሽ ርዝመት 25 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በቻናል 7 ወደ 85 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። አንቴና ደግሞ በደንብ የሚይዘው የዘንጉ ርዝመት ከሞገዱ ግማሽ ጋር ሲቀራረብ ነው። መስኮት ላይ የሚለጠፈው ፕላስቲክ 4ን እና 5ን ጥርት አድርጎ አምጥቶ 7ን እና 9ን የሚያስቀረው ለዚህ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ስንት ቤተሰብ «ይህ አንቴና ኤቢሲ አያመጣም» ብሎ ወደ ቁም ሳጥን እንደወረወረው መገመት አያዳግትም። ጥፋቱ የጣቢያውም የቴሌቪዥኑም አይደለም፤ የዘንጉ ማጠር ነው።

ይህ መዘበራረቅ ጅምሩ ጁን 12 ቀን 2009 ነው። ያን ዕለት የአገሪቱ ትላልቅ ጣቢያዎች የአናሎግ ሥርጭታቸውን ዘጉ። መጀመሪያ ተቀጥሮ የነበረው ፌብሩዋሪ 17 ነበር፤ ብዙ ቤት ስላልተዘጋጀ ኮንግረስ አራዘመው። መንግሥት ለአሮጌ ቴሌቪዥኖች መቀየሪያ መግዣ የሚሆን የ40 ዶላር ኩፖን ለአንድ ቤት እስከ ሁለት ድረስ ሰጠ። ስለ አንቴናው ግን ብዙም አልተነገረም። በመሸጋገሪያው ጊዜ በዩኤችኤፍ ዲጂታል ሲያሰራጩ የነበሩት የዲሲዎቹ 7 እና 9 በዚያው ዕለት ወደ ቪኤችኤፍ ተመለሱ፤ እስከዚያ ድረስ በትንሿ አንቴና ሲያይ የነበረ ሰው በአንድ ሌሊት አጣቸው። በፊላደልፊያም ቻናል 6 ከዚያ ይበልጥ ወደ ረዘመ ሞገድ በመመለሱ ተመሳሳይ አቤቱታ ጎረፈ።

ሁለተኛው መናወጥ የመጣው በሞባይል ስልክ ሳቢያ ነው። በ2017 በተጠናቀቀው ጨረታ ከ38 እስከ 51 ያሉት ቻናሎች በ19.8 ቢሊዮን ዶላር ለስልክ ኩባንያዎች ሄዱ፤ 987 ጣቢያዎችም እስከ ጁላይ 2020 ድረስ ወደ ሌላ ቻናል እንዲዛወሩ ተደረገ። የባልቲሞሩ «ቻናል 2» ከ38 ወደ 27 ወረደ። ስለዚህ አንድ ጣቢያ ድንገት ሲጠፋ መጀመሪያ መደረግ ያለበት አዲስ አንቴና መግዛት ሳይሆን በሴቲንግ ገብቶ ቻናሎቹን እንደገና ማሰስ ነው።

ዲሲና ባልቲሞር በዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ የሚሆኑ ከተሞች ናቸው። የዲሲ ማማዎች የሚበዙት በሰሜን ምዕራብ ዲሲ፣ በቴንሊታውን አካባቢ ነው። የባልቲሞሩ ደግሞ የቴሌቪዥን ኮረብታ በሚሉት ቦታ ላይ ቆሟል፤ ከ1959 ጀምሮ ሦስት ጣቢያዎች አንዱን ማማ ተጋርተው ያሰራጩበታል። በመካከላቸው ያለው ርቀት 35 ማይል ግድም ስለሆነ በመሃል የሚኖር ሰው የሁለቱንም ከተማ ዜና፣ የሁለቱንም ቡድን የእግር ኳስ ግጥሚያ መመኘቱ አይገርምም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የቆመ ቤት ይታሰብ። ቴንሊታውን ወደ ደቡብ ምዕራብ አምስት ማይል አይሞላም፤ የባልቲሞሩ ማማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 30 ማይል ያህል ይርቃል። ሁለቱ አቅጣጫዎች ፊትና ጀርባ ናቸው። ርቀት የሚያመጣ አንቴና ደግሞ ኃይሉን የሚያገኘው ወደ አንድ አቅጣጫ በማነጣጠር ነው። ይህን ዓይነቱን ባለብዙ ዘንግ አንቴና በ1926 የነደፉት የጃፓኑ የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሺንታሮ ኡዳና ሂዴትሱጉ ያጊ ናቸው፤ ዛሬም ጣሪያ ላይ የሚታየው የዓሣ አጽም የሚመስለው አንቴና የዚያው ዘር ነው። ለዚህ ቤት ትክክለኛው ምርጫ ፊቱን ወደ ባልቲሞር ያዞረ፣ ሁለቱንም ሞገድ የሚይዝ የጣሪያ አንቴና ነው። የዲሲዎቹ ቅርብ ስለሆኑ በጀርባውም ቢሆን ይገባሉ። የባልቲሞሮቹ «ቻናል 11» እና «ቻናል 13» በአየር ላይ 12 እና 11 ናቸው፤ ያው ቪኤችኤፍ ስለሆኑ ረዥሙ ዘንግ ግድ ነው።

እዚህ ቤት ላይ ነው ብዙ ሰው ተጨማሪ ስህተት የሚሠራው፤ ማጉያ ይገዛል። ማጉያ የሌለ ሞገድ አይፈጥርም። ጥቅሙ አንቴናው ሥር፣ ከገመዱ በፊት ሲገጠም፣ በገመዱ ውስጥ የሚባክነውን አስቀድሞ ማካካስ ነው። ተራው የቴሌቪዥን ገመድ በ100 ጫማ ርዝመት በዩኤችኤፍ ከግማሽ በላይ ኃይል ይበላል፤ አንዱን ገመድ ለሁለት ቴሌቪዥን የሚያካፍለው ስፕሊተርም ለእያንዳንዱ የሚያደርሰው ከግማሽ ያነሰ ነው። ለሩቅ ቤት ማጉያው ይህን ያድናል። ኃይለኛ ማማ አምስት ማይል ላይ ባለበት ቤት ሲገጠም ግን ማጉያው ራሱ ይታፈናል፤ የዲሲው ጉልበት የባልቲሞሩን ደካማ ሞገድ ይውጠዋል፤ ማጉያ ሳይኖር ይመጣ የነበረው ቻናል ማጉያ ሲገባ ይጠፋል። አሌክሳንድሪያ ላይ ያለ ቤት ሁኔታው ሌላ ነው። ለእሱ ሁለቱም ከተሞች በሰሜን በኩል ናቸው፤ ባልቲሞር ግን ከ40 ማይል በላይ ይርቃል። አንድ አድራሻ ላይ የሠራ አንቴና ለወንድም ቤት እንደማይሠራ የሚታወቀው እንዲህ ነው። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በድረ ገጹ ላይ አድራሻ ሲገባበት የጣቢያዎቹን አቅጣጫ፣ እውነተኛ ቻናልና የሞገድ ጥንካሬ የሚያሳይ ነጻ ካርታ አለው። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት አምስት ደቂቃ እዚያ ላይ ማጥፋት ከማንኛውም የሻጭ ምክር ይበልጣል።

አንቴና እያዞሩ የማየት ልማድ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከጀመረ በኋላ ባሉት ዓመታት አንዱ ጣሪያ ላይ፣ ሌላው ደጃፍ ላይ ሆኖ «መጣ?» «አልመጣም!» መባባል የብዙ ሰፈር ድምፅ ነበር። ያኔ ምስሉ በረዶ እየመሰለም ቢሆን ይታይ ነበር። ዲጂታል ሥርጭት ግን እንዲህ ያለ መካከለኛ የለውም። የሞገዱ ጥራት ከሚፈለገው ትንሽ ዝቅ ሲል ምስሉ በየካሬው ይቆራረጣል፤ ከዚያ ወዲያ ጥቁር ነው። ስለዚህ ዛሬ ቀስ ብሎ እያዞሩ ምስሉን መመልከት አይጠቅምም፤ በቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ያለውን የሲግናል መጠን እየተከታተሉ፣ በየጊዜው ጥቂት ሴኮንድ እየጠበቁ ማዞር ያስፈልጋል። ዛፍ ቅጠል በሚያወጣበት ወቅት ሞገዱ እንደሚቀንስም መታሰብ አለበት፤ በክረምት ለጥቂት የሚመጣ ቻናል በሜይ ይጠፋልና።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ሥርጭቱ ነጻ ነው፤ ጥራቱም በኬብል ከሚመጣው ብዙ ጊዜ ይበልጣል። የሕፃናት ፕሮግራም ቀኑን ሙሉ የሚያሳይ የሕዝብ ጣቢያ አለ። ከሁሉ በላይ ግን አደጋ ሲመጣ ጥቅሙ ይገለጣል። በጁን 2012 መጨረሻ የዲሲን አካባቢ የመታው ማዕበል የብዙ ቤት መብራት አጥፍቶ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ የ911 ጥሪ ሳይቀር አቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ኢንተርኔት የማይሻ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ቴሌቪዥንና አንድ አንቴና ያለው ቤት ዜና የሚያገኝበት ተጨማሪ መንገድ አለው።

ጣቢያዎቹ አሁን ኤቲኤስሲ 3.0 ወደተባለ አዲስ ሥርዓት እየገፉ ነው። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2017 በፈቃደኝነት እንዲጀመር ፈቅዷል፤ የጣቢያዎቹ ማኅበር በ2025 በትላልቅ ገበያዎች አሮጌው ሥርጭት በ2028 እንዲቆም ጠይቋል። አንቴናው አይቀየርም፤ ሞገዱ ያው ነውና። የሚቀየረው ተቀባዩ ነው። የሚያሳስበው ግን በርካታ ጣቢያዎች አዲሱን ሥርጭት በምስጢር ቁልፍ መቆለፋቸው ነው፤ በሕዝብ ሞገድ ላይ የሚሄድን ነጻ ፕሮግራም ለማየት ፈቃድ ያለው ሣጥን መጠየቅ ተገቢ አይደለም። ብዙ ተራ ተመልካቾችም ይህንኑ ለኮሚሽኑ ጽፈዋል።

የመኖሪያ ቤት ማኅበሩ አንቴና ከለከለኝ የሚል ሰውም መብቱን ይወቅ። ከ1996 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኮሚሽኑ ደንብ ለአካባቢ ጣቢያ የሚተከል አንቴናንም፣ እስከ አንድ ሜትር የሚሰፋ ዲሽንም ከእንዲህ ዓይነት ክልከላ ይጠብቃል። የአገር ቤት ቻናሎችን ለማየት በረንዳቸው ላይ ዲሽ የተከሉ ብዙዎች የቆሙት በዚሁ ደንብ ላይ ነው። ከ1999 ወዲህ ተከራይም ይካተታል፤ ቦታው በእሱ ብቸኛ ይዞታ ሥር ያለ በረንዳ ወይም ግቢ መሆን አለበት፤ የጋራ ጣሪያና የውጭ ግድግዳ አይጨምርም። ከጣሪያው በላይ ከ12 ጫማ የሚበልጥ ምሰሶ ፈቃድ ሊጠየቅበት ይችላል፤ የደኅንነት ምክንያትና ታሪካዊ ሕንፃም ልዩ ሁኔታ አላቸው። ከኤሌክትሪክ መስመር መራቅና ምሰሶውን ከመሬት ጋር ማገናኘት የማይታለፍ ነው። ከዚያ ውጭ ክርክር ቢነሳ ገደቡ ሕጋዊ መሆኑን የማስረዳት ግዴታ ያለበት ማኅበሩ ነው፤ ጉዳዩ ኮሚሽኑ ዘንድ እስኪታይ ድረስም አንቴናው ካለበት አይነሳም።