ደንበኛ የሚገዛው ምንድን ነው? የአነስተኛ ንግድ ዕድገትና የገዢው ምክንያት

(ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ትምህርታዊ ንግግር የተገለበጠ)



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንድ ሰው ከአነስተኛ ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ በእርግጥ የሚገዛው ምንድን ነው? ስለ አነስተኛ ንግድ ስንወያይ አብዛኛውን ጊዜ የምናተኩረው በብድር፣ በመሥሪያ ቦታና በግብር ላይ ነው። ሦስቱም ተገቢ ጉዳዮች ናቸው። ነገር ግን ብድሩንም ቦታውንም አግኝቶ ሁለተኛ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ፣ የመጀመሪያውን ሱቅ ገበያ ጭምር የሚያጣበት ጊዜ አለ። ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት ወደ ገዢው መዞር ይኖርብናል።

ከቋንቋችን ልጀምር። «ገዢ» እና «ደንበኛ» አንድ አይደሉም። ገዢ ከፍሎ ዕቃውን ይዞ የሚሄድ ሰው ነው። ደንበኛ ግን «ደንብ» ከሚለው ቃል ጋር የተዛመደ፣ ትክክለኛና እንደ ሥርዓቱ የሆነ ማለትም ነው። ከዚህ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በገበያችን ሻጩ ገዢውን «ደንበኛዬ» እንደሚለው ሁሉ ገዢውም ሻጩን «ደንበኛዬ» ማለቱ ነው። በየሱቁ ተለጥፎ የምናየው «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለው ጽሑፍ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ያደርጋል፤ የቃሉ አጠቃቀም ግን ሁለቱን እኩል ያቆማቸዋል።

አንትሮፖሎጂስቱ ክሊፎርድ ጊርትዝ በሞሮኮ የሰፍሩ ከተማን ገበያ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ ተመሳሳይ ነገር አስፍሯል። በእንዲህ ዓይነቱ ገበያ እጅግ የሚያጥረው መረጃ ነው። የዕቃው ጥራት፣ ትክክለኛው ዋጋና የሻጩ ታማኝነት በቀላሉ አይታወቁም። ስለዚህ ሰዎች በየጊዜው አዲስ ሻጭ ከመፈለግ ይልቅ ከአንድ ሻጭ ጋር ዘላቂ ግንኙነት ይመሠርታሉ። ደንበኝነት የልማድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ መረጃ የማግኛ ዘዴም ነው።

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ የችግሩን ሌላ ገጽታ አሳይቷል። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለጥሩ ዕቃ የሚገባውን ዋጋ ለመክፈል ፈቃደኛ አይሆንም፤ በዚህም ምክንያት ጥሩ ዕቃ ያላቸው ሻጮች ከገበያው ይወጣሉ። የእኛን የባልትና ውጤቶች ንግድ በዚህ መነጽር እንመልከተው። የተፈጨ በርበሬ ባዕድ ነገር ይቀላቀልበት አይቀላቀልበት በዓይን ብቻ አይለይም። ስለሆነም አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ ከባልትና መደብር በርበሬ ስትገዛ ሁለት ነገሮችን አብራ ትገዛለች። አንደኛው በመቀንጠስ፣ በማድረቅ፣ በመደለዝና በማስፈጨት የሚያልፈው ጊዜ ነው። ሁለተኛው በርበሬው ንጹሕ ስለመሆኑ የሚሰጣት እርግጠኝነት ነው። ባለሱቋ ዋጋ ብትቀንስ ገዢዋ መደሰቷ ላይቀር ይችላል፤ ነገር ግን «ምን ቢጨመርበት ነው የረከሰው?» የሚል ጥርጣሬም ሊያድርባት ይችላል። ጥራቱ በማይታይ ዕቃ ላይ ዋጋ ራሱ መልእክት አለው።

የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ክሌይተን ክሪስተንሰን ደግሞ የገዢን ምክንያት ለመፈለግ የሚረዳ ጥያቄ ትቶልናል፤ «ሰዎች ይህን ዕቃ የሚቀጥሩት ምን ሥራ እንዲሠራላቸው ነው?» የሚል። ታዋቂው ምሳሌው ስለ ሚልክሼክ ነው። አንድ የፈጣን ምግብ ድርጅት ገዢዎችን ጠይቆ መጠጡን ቢያሻሽልም ሽያጩ አልጨመረም። በኋላ ገዢዎቹን በመመልከት የታወቀው፣ ብዙዎቹ በማለዳ ብቻቸውን መጥተው እየነዱ የሚሄዱ መሆናቸው ነው። ወፍራሙ መጠጥ ረጅሙንና አሰልቺውን መንገድ ያስረሳቸዋል፤ እስከ ምሳ ሰዓትም ረኀብን ያስታግሥላቸዋል። ከሰዓት በኋላ ለልጆቻቸው ከሚገዙ ወላጆች ዘንድ ግን ያው ውፍረት ችግር ነው፤ ልጁ እስኪጨርስ ያስጠብቃቸዋልና። ዕቃው አንድ፣ ሥራው ግን ሁለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር እፈልጋለሁ። ከፍላጎት የሚመነጭን ግዢ ከዐቅም ማነስ ከሚመነጨው መለየት አለብን። ከሰፈር ሱቅ ዘይትና ስኳር በትንሽ በትንሹ የሚገዛ ቤተሰብ በጅምላ ቢገዛ እንደሚረክስ ያውቃል። ግን በእጁ ያለው የዛሬው ገንዘብ ብቻ ነው። ለዚህ ቤተሰብ የሱቁ የዱቤ ደብተር ከመደርደሪያው ያላነሰ ዋጋ አለው። ይህን «የገዢ ምርጫ» ብለን ብቻ ብናልፈው ድህነትን ምርጫ አድርገን መቁጠራችን ነው።

አሁን ወደ ዕድገት ልመለስ። እስካሁን ያነሣኋቸው ምሳሌዎች የሚያመለክቱት፣ አነስተኛ ነጋዴ ከሚሸጣቸው ነገሮች ዋነኛው መተማመን መሆኑንና ይህም መተማመን በባለቤቱ ፊት፣ እጅና ትውስታ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ነው። ማን ምን ያህል ዱቤ እንደሚችል የምታውቀው፣ የበርበሬውን ዛላ ራሷ የምትመርጠው ባለሱቋ ናት። ሁለተኛው ሱቅ ሲከፈት ዕቃውን መውሰድ ይቻላል፤ ባለሱቋን ግን ለሁለት መክፈል አይቻልም። በእኔ እምነት፣ ብድርና ቦታ ያገኘ ንግድ ሲሰፋ የሚዳከምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እንግዲያው የማደግ ሥራ መተማመንን ከሰው ወደ ሥርዓት የማሸጋገር ሥራ ነው። ይህም በጥቂት ነገሮች ይጀምራል። በባለቤቷ አእምሮ ብቻ የነበረው የአሠራር መለኪያ በጽሑፍ ይስፈር። ዱቤ የመስጠት ሥልጣን በግልጽ ገደብ ለሠራተኛ ይሰጥ። የተበላሸ ዕቃ ያለ ክርክር ይመለስ። ማሸጊያው ላይ የተመረተበት ቀን ይጻፍ። ገዢው ሊያየው የማይችለውን ጥራት የሚያይበት መስኮት ይከፈትለት፤ ለምሳሌ ወፍጮው በገዢው ፊት ይፍጭ።

በመጨረሻም ለጥናት ወደ ገበያ ለምትወጡ ተማሪዎቻችን አንድ ምክር አለኝ። ሰውን «ይህን ዕቃ ትገዛለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለይሉኝታ ሲል አዎን ይላችኋል። ይልቁንም «ባለፈው የገዛኸው መቼ ነው? ከዚያ በፊት ምን ትጠቀም ነበር? ለምን ተውከው?» በሉት። ከሁሉም በላይ መምጣት ያቆመውን ደንበኛ ፈልጉ። የሚመጣው ሰው ምስጋናውን ይነግራችኋል፤ የቀረው ሰው ግን ንግዱ ምን ይሸጥ እንደነበረ ይነግራችኋል።

 አሁን ጥያቄያችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።