የዓሣን ርዝመት በትክክልና ያለ ጉዳት ስለ መለካት

በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በየካ ክፍለ ከተማ የሚያስተምር የሳይንስ መምህር በመስታወት ገንዳ የሚኖሩ ዓሦችን እድገት ለተማሪዎቹ ሲያስለካ፣ ልኩ እውነተኛ፣ ዓሣውም ደኅና እንዲሆን መጠንቀቅ ይገባዋል።

በመጀመሪያ የሚለካው ነገር ይወሰን። ጠቅላላ ርዝመት ከአፍ ጫፍ እስከ ጅራት ክንፍ ጫፍ ያለው ነው፤ መደበኛ ርዝመት ግን የጅራቱ ክንፍ ከሚነሣበት ላይ ያበቃል። የጅራት ክንፍ ስለሚሸራረፍ እድገትን ለመከታተል ሁለተኛው ይመረጣል። አንድ ጊዜ ጠቅላላው፣ ሌላ ጊዜ መደበኛው ቢለካ ያደገው ዓሣ ያጠረ ይመስላል።

ማስመሪያን ከውጭ በመስታወቱ ላይ መለጠፍ ያሳስታል። ዓሣው ከማስመሪያው ወደ ኋላ ስለሚርቅ አጥሮ ይነበባል። በተጨማሪም ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚታጠፍ፣ ከመስታወቱ 12 ሳንቲ ሜትር የራቀ ዓሣ ከፊት ለፊት ሲታይ በ9 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ ይመስላል።

ዓሣውን ከውኃ ማውጣትም አይበጅም፤ ስንጥቦቹ ይጣበቃሉ፣ ቆዳውን የሚጠብቀው ዝልግልግ ልባስም ይገፈፋል። በ2,400 ሜትር ከፍታ ውኃ የሚይዘው ኦክሲጅን፣ በእኩል ሙቀት በባሕር ወለል ላይ ከሚይዘው በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ የደከመ ዓሣ ቶሎ አያገግምም።

ስለዚህ ዓሣው ከገንዳው ውኃ ጋር በጠባብ ብርጭቆ ዕቃ ይቀዳ፤ ማስመሪያው በውኃው ውስጥ ከጎኑ ይቁም፤ ፎቶግራፍ ተነሥቶም ዓሣው ወዲያው ይመለስ። ተማሪዎች ልኩን ከፎቶግራፉ ደጋግመው ያንብቡ። እንዲህ የሠለጠነ ተማሪ ቁጥርን ከመቀበሉ በፊት አገኛኘቱን መጠየቅ ይለምዳል።