ሳይወጡ ቁመት መለካት

ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ካኮ ኮረብታማ አገር ናት። እዚያ ለተቀመጠ ተማሪ የትሪጎኖሜትሪ ቤተ ሙከራ ከደጁ አይርቅም። ሳይን፣ ኮሳይንና ታንጀንት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለፈተና ይሸመደዱና ከፈተናው ማግስት ይረሳሉ። ይህ ያስቆጫል፤ ትምህርቱ እኮ የተፈጠረው ልንደርስበት የማንችለውን ነገር ለመለካት ነው።

መሣሪያው በእጅ ይሠራል። ፕሮትራክተር ይያዝና በቀጥተኛው ጠርዙ ላይ ቀጭን ሸምበቆ ወይም ስትሮ ይለጠፋል። ከመካከለኛው ነጥብ ክር ይንጠለጠላል፤ ክሩ ጫፍ ላይ ዳዶ ይታሰራል። ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ብሎ መቆሙን የሚያይበት ቱንቢ ማለት ነው። በሸምበቆው ቀዳዳ አግድም ሲያዩ ክሩ 90 ላይ ያርፋል። ወደ ጫፍ ቀና ሲሉ ክሩ ከ90 ይሸሻል፤ የሸሸበት መጠን የምንፈልገው ማዕዘን ነው። ነፋስ ካለ ክሩ ስለሚወዛወዝ እስኪረጋ ጠብቆ በጣት ከፕሮትራክተሩ ጋር ጫን አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ አውርዶ ማንበብ ይሻላል።

አሁን የቴሌ ማማ እንለካ። ከሥሩ 40 ሜትር ርቀን ጫፉን በ42 ዲግሪ አየነው እንበል። የ42 ዲግሪ ታንጀንት 0.9 ነው፤ በ40 ሲባዛ 36 ሜትር ይሆናል። መሣሪያውን የያዝነው በዓይናችን ከፍታ ስለሆነ 1.5 ሜትር እንጨምራለን። ማማው 37.5 ሜትር ነው።

በጥላ መለካትም ይቻላል፤ የዘንግንና የማማን ጥላ ማነጻጸር ጥንታዊ ዘዴ ነው። ካኮ ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 5 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስላለች በመጋቢት መጨረሻና በጳጉሜን ሰሞን ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት የሚለካ ጥላ አይገኝም።

ተራራ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ከጫፉ በቀጥታ ታች ያለው ነጥብ ተራራው ሆድ ውስጥ ስለሆነ ሜትር ዘርግተን አንደርስበትም። መፍትሔው ሁለት ቦታ ላይ ቆሞ ማየት ነው። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ጫፉን በ20 ዲግሪ አየን፤ በቀጥታ ወደ ተራራው 500 ሜትር ተጠግተን ስናየው 25 ዲግሪ ሆነ እንበል። ለእያንዳንዱ ማዕዘን 1 ለታንጀንቱ ይካፈላል፤ 2.7475 እና 2.1445 እናገኛለን። ልዩነታቸው 0.603 ነው። 500 ለዚህ ሲካፈል 829 ሜትር ይመጣል። ይህ ከሜዳው በላይ ያለው ቁመት ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ለማወቅ የሜዳው ከፍታ ይደመርበታል።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ፈተናው ማዕዘኑን በትክክል ማንበብ ላይ ነው። 25ን በስህተት 24 ብለን ብናነብ ተራራው 997 ሜትር ይሆንብናል። አንድ ዲግሪ 168 ሜትር አሳሳተን ማለት ነው!

ቀያሾች ቴዎዶላይት የተባለውን የማዕዘን መለኪያ ተሸክመው ተራራ ለተራራ የተንከራተቱት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ምጽዋ የደረሰው አሳሹ አንቷን ዳባዲ አሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ቆይቶ ከሰሜን እስከ ከፋ ድረስ ከአንዱ ጫፍ ሌላውን እያየ ማዕዘን መዘገበ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1873 ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1902 እና 1903 ደግሞ እንግሊዛዊው ካፒቴን ፊሊፕ ሞድ የደቡቡን ድንበር አገር የኦሞ ወንዝ እስከሚገባበት ሩዶልፍ፣ የዛሬው ቱርካና ሐይቅ ድረስ ቀየሰ። የኢትዮጵያ ካርታዎች ለረጅም ዘመን የተመሠረቱበት አዲንዳን የተባለው መነሻም በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ የተተከለ አንድ የቀያሾች ምልክት ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ጎነ ሦስት በጎነ ሦስት ላይ እየተቀጠለ እኛ ዘንድ ደረሰ።

ቴዎዶላይት የሌለው ተማሪ እግር አለው። ያንኑ 829 ሜትር ተራራ ስንለካ ወደፊት የምንራመደው 500 ሳይሆን 1,500 ሜትር ቢሆን ሁለተኛው ማዕዘን 46.8 ዲግሪ ይደርሳል። ያኔ በ1 ዲግሪ አሳንሰን ብናነብ እንኳ ቁመቱ 845 ሜትር ይመጣል፤ ስህተቱ ከ168 ሜትር ወደ 16 ሜትር ይወርዳል።