በሞላ የሚሠራው ካሜራ፦ የድሮ ፊልም ካሜራ እንዴት ይጠገናል? ውስጡ የቀረው ፊልምስ የማን ነው?



ቪዲዮ ከመምጣቱ በፊት ሰዎች ሠርግና ጉዞ፣ ጋዜጠኞችም ዜና የሚቀርጹት በትንንሽ የፊልም ካሜራ ነበር። ኮዳክ 16 ሚሊ ሜትር ፊልምን በ1923፣ 8 ሚሊ ሜትሩን በ1932፣ ሱፐር 8 የሚባለውን ደግሞ በ1965 ለገበያ አቀረበ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። «ትንንሽ» የተባሉት የሲኒማ ቤቱ ፊልም 35 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ነው እንጂ ሥራቸው ትንሽ ሆኖ አይደለም። ኃይሌ ገሪማ በ1976 ያወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተቀረጸው በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ 150 ደቂቃ ይረዝማል። 122 ሜትር ጥቅልል በሴኮንድ 24 ምስል ሲቀረጽበት 11 ደቂቃ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ አንድም ምስል ሳይጣል ቢባል እንኳ 14 ጥቅልል ያስፈልጋል። በስልክ ሰዓት ሙሉ የምንቀርጽ ሰዎች ይህን ስናሰላ ትንሽ አፍረናል።

ከዚሁ ዘመን ሰዎች አንዱ ሙሐመድ አሚን ነው። በ1943 ናይሮቢ የተወለደ ሙስሊም የካሜራ ባለሙያ ሲሆን፣ በጥቅምት 1984 ከኮረም የቀረጸውን የረሃብ ምስል ቢቢሲ ሲያስተላልፈው ዓለም ደነገጠ። በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት ማከማቻ ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ካሜራው ተመለሰ። በ1996 ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ነበር። አላህ ይዘንለት። ስለ ሐጅ ያዘጋጀው የፎቶግራፍ መጽሐፍም አለው፤ ስሙን የሚያውቅ ደረሳ ግን ብዙ አላገኘንም። (ስለ ካሜራ በሙስሊም መጽሔት ሲጻፍ ኢብኑ አል-ሀይሠም ሳይጠቀስ አይታለፍም። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚሠራውን ምስል ከሺህ ዓመት በፊት መርምሯል። ጠቅሰነዋል፤ ወደ ሞላው እንሂድ።)

አሠራሩ ከግድግዳ ሰዓት ጋር ይቀራረባል። ቁልፉን ስታዞሩ የብረቱ ሞላ ይጠቀለላል፤ ስትለቁት ጥርሶቹን ያዞራል። ሞላ ግን ሲጀምር ጉልበተኛ፣ ሲጨርስ ደካማ ነው። ፍጥነቱን እኩል የሚያደርገው ገቨርነር የሚባለው ክፍል ነው፤ በተሽከረከረ ቁጥር ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይከፈቱና ፍሬኑን ይጫናሉ፤ ፍጥነት ሲጨምር ሰበቃውም ይጨምራል። ያለ ኮምፒውተር፣ ያለ ኤሌክትሪክ፣ ራሱን የሚቆጣጠር ማሽን ማለት ይህ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ለምናማርር ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ አንዲት የብረት ጥፍር ፊልሙን በቀዳዳው ይዛ የአንድ ምስል ያህል ትስባለች፤ ትለቃለች። ፊልሙ ሲንቀሳቀስ የምትሽከረከረዋ ሳህን ብርሃኑን ትጋርዳለች፤ ሲቆም ትከፍታለች። ይህ በሴኮንድ 16 ወይም 24 ጊዜ ይደጋገማል።

ከዲማ አንድ ጓደኛችን ያመጣው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ካሜራ ሞላው ይጠቀለላል፤ ቁልፉ ሲጫን ግን እያቃሰተ ይቆም ነበር። የአብዛኛው አሮጌ ካሜራ በሽታ ይኸው ነው። ብረቱ አልተበላም፤ ከብዙ ዓመት በፊት የተቀባው ግራሶ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። መፍትሔው ዘይት ማፍሰስ አይደለም። አዲስ ዘይት በደረቀ ግራሶ ላይ ሲፈስ ቆሻሻውን ይዞ ወደ መጋረጃዋና ወደ ሌንሱ ይሄዳል። በመጀመሪያ ሞላው እስኪያልቅ ይለቀቅ። የሞላውን ቤት ግን በምንም ምክንያት አትክፈቱ፤ የተጠቀለለ ብረት ሲፈነጠር ጣት ይቆርጣል። ቀጥሎ ክዳኑ በትንሽ ካቻቢቴ ይፈታል፤ እያንዳንዱ ብሎን ከየት እንደወጣ በወረቀት ላይ ይቀመጣል፤ ጥርሶቹ በአልኮል በራሰ የጥጥ እንጨት ይጠረጋሉ። ከዚያ በመርፌ ጫፍ፣ በእያንዳንዱ መዞሪያ ላይ፣ አንዲት ጠብታ ቀጭን የሰዓት ዘይት ትበቃለች። የገበያው ሰዓት ጠጋኝ ይህን ከእኛ ፕሮፌሰሮች በላይ ያውቃል፤ ሻይ ጋብዛችሁ ጠይቁት።

መሮጡ ብቻ አይበቃም፤ በትክክለኛው ፍጥነት መሮጥ አለበት። ስልካችሁን በሴኮንድ 240 ምስል በሚቀርጽበት ዘገምተኛ ቀረጻ ላይ አድርጋችሁ፣ ካሜራው ባዶ ሆኖ በሩ ተከፍቶ፣ የመጋረጃዋን መከፈትና መዘጋት ቅረጹ። 240 ለ16 ሲካፈል 15 ነው፤ ስለዚህ በየ15 ምስሉ አንዴ መከፈት አለባት። በየ20ው ከሆነ ካሜራው የሚሄደው በ12 ነው፤ ፊልሙ በ16 ሲታይ ሰዎቹ እንደሚሯሯጡ ይመስላሉ። ይህን በፀሐይ ብርሃን አድርጉት፤ አምፖል ብልጭ ድርግም ስለሚል ቆጠራውን ያሳስታል።

የዲማው ካሜራ አንድ ሌላ ነገር ነበረው። ቆጣሪው ግማሽ ላይ ቆሟል፤ ውስጡ ያልታጠበ ፊልም አለ ማለት ነው። ይህን ያየን ዕለት ካቻቢቴውን አስቀመጥን። በሩ ቢከፈት ብርሃን ያጠፋዋል፤ ያ የቴክኒክ ጉዳይ ነው። ከባዱ ሌላው ነው። ፊልሙ የቤት ውስጥ ሠርግ ቢሆንስ? ሒጃብ ያላደረጉ የቤቱ ሴቶች፣ በሕይወት የሌሉም ቢኖሩበትስ? ለማጠብ ሲላክ የማናውቃቸው ሰዎች ያዩታል። ካሜራው ለጥገና እንጂ ምስሉ እንዲታይ አልተሰጠንም፤ አማና ነው። የፎቶግራፍ ሑክም ላይ ዑለማዎች ያላቸውን ልዩነት እዚህ አንገባበትም፤ የሰው ቤት ምስጢር ላይ ግን ልዩነት መኖሩን አልሰማንም። ለቤተሰቡ ደወልን፤ ለማውጣቱ ፈቀዱ። ሌሊት፣ መስኮቱ በጋቢ በተሸፈነ ክፍል፣ ፊልሙን በዳሰሳ አውጥተን ጣሳ ውስጥ አሸግን። ይታጠብ አይታጠብ የሚለውን ሽማግሌዎቻቸው እየተማከሩበት ነው። ከመካከላችን ሁለቱ «ታሪክ ይጠፋል፣ ቶሎ ይታጠብ» ይላሉ፤ ሌሎቻችን መጠበቁን መርጠናል። እውነት ነው፣ ጊዜው ይሄዳል፤ ያልታጠበ ፊልም በየዓመቱ ይደበዝዛል። ኮዳክሮም ከሆነማ የቀለም እጥበቱ በ2010 መጨረሻ በዓለም ላይ ቆሟል፤ ሊወጣ የሚችለው ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው።

ታጥቦ የተቀመጠ ፊልም ያላችሁ ደግሞ ጣሳውን ከፍታችሁ አሽቱት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ አሲቴቱ መበስበስ ጀምሯል፤ ሽታው ወደ ሌላውም ይዛመታልና ለዩት። ጭስ ከሌለበት፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ፤ ለቅዝቃዜው እንኳ ጎጃም አያማም።

አዲስ መቅረጽ ለሚፈልግ፣ ኮዳክ የሱፐር 8 ካሴት፣ የቼኩ ፎማም ለድሮው 8 ጥቁርና ነጭ ፊልም ዛሬም ይሠራሉ። የሱፐር 8 ካሴት 15 ሜትር ነው፤ በሴኮንድ 18 ምስል 3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ይሄዳል። የብርሃን መለኪያው ከሞተ (ብዙ ጊዜ ሞቷል፤ የሚጠቀምበት የሜርኩሪ ባትሪ ከገበያ ወጥቷል) በጠራ ፀሐይ ባለ 50 ፊልም በ24 ምስል ሌንሱን 16 ላይ አድርጉ፤ ደመና ሲያጠላ ወደ 8 ክፈቱ። ውድ ስለሆነ በመጀመሪያ በባዶ ተለማመዱ፤ እጃችሁ ሳይንቀጠቀጥ 10 ሴኮንድ መያዝ ከቻላችሁ በኋላ ፊልሙን ግዙ።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ካሜራ ካለ ዓርብ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ይዛችሁልን ኑ፤ በሩን ግን አትክፈቱት።