ማሪቱ ለገሠና የአምባሰል ቅኝት

ወደ ፒያሳ ወረድ ያለ ሠልጣኝ ካንዱ ሻይ ቤት የማሪቱ ለገሠን ድምፅ መስማቱ አይቀርም። ቅኝቱ ምንድን ነው ተብለን ብንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን «ትዝታ» ብለን እናልፋለን። አይደለም፤ ያስተዋወቃት አምባሰል ነው።

ማሪቱ የወሎ ልጅ ናት። በደርግ ዘመን (1967–1983 ዓ.ም.) በወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ዘፍና ታወቀች። ኋላም አሜሪካ ረዥም ዓመታት ኖራ ወደ አገሯ ተመልሳለች።

የኦፔራ ድምፃዊ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ዓመታት ተኮትኩቶ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ ከኦርኬስትራው በላይ የሚሰማ ድምፅ ያበጃል። የኛ አገር ባህላዊ ድምፃዊ ባብዛኛው የሚማረው በጆሮው ነው፤ ከሠርጉ፣ ከለቅሶው። ታዲያ በጆሮ የተማረ ሥርዓት የለውም የሚሉ አሉ። እስቲ እንየው።

ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በዚሁ በወሎ ቦታዎች ስም ይጠራሉ። ሁሉም ባለ አምስት ድምፅ ናቸው፤ የሚለያዩት በድምፆቹ ርቀት ነው። ሙሉው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሲሆን አምባሰል ደግሞ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ነው። በትዝታ ከመነሻው እስከ ሁለተኛው ድምፅ ሙሉ እርከን አለ። በአምባሰል ግን ከሚ እስከ ፋ ግማሽ እርከን ብቻ ነው። ሆድ የሚያባባው ይኸው ጠባብ እርምጃ ነው ባዮች ነን። ድምፃዊው እዚች ላይ ትንሽ ከሳተ አምባሰልነቱ ይጠፋል፤ ማሪቱ አትስትም።

አምስቱም ነጭ ቁልፎች ስለሆኑ የክፍላችን ኦርጋን ጥቁሮቹ ቢሰባበሩም ይበቃናል። ዓርብ ከምሳ በኋላ እንሞክረው።