ኩባንያና አለቃ የሌለው ባንድ
ስለ ሆላንዱ «ዘ ኤክስ» እና ስለ አቶ ጌታቸው መኩሪያ አጭር ጥናት

ጥቂት ወጣቶች ተሰብስበው ባንድ ሲያቋቁሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚነጋገሩት ስለ ዜማው ነው። ባንዱ ሲፈርስ ግን የጠቡ ምክንያት ዜማው ሆኖ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። የሚያጣላው፦ መሣሪያው የማን ነው? የተቀዳው ሸክላ የማን ንብረት ነው? ምን እንዲዘፈን የሚወስነውስ ማን ነው? የሚለው ጥያቄ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በራሱ መንገድ መልስ እየሰጠ ከአርባ ዓመት በላይ የኖረውን አንድ የሆላንድ ባንድ ማስተዋወቅና፥ አኗኗሩን ከአዲስ አበባ የቀድሞ የሙዚቃ ጓዶች አኗኗር ጋር ማነጻጸር ነው። እዚህ የተጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ «ፐንክ» ስለሚባለው የሙዚቃ ዐይነት ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። ፐንክ ከሮክ ሙዚቃ የወጣ ሲሆን፥ በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒው ዮርክና በለንደን ጐልቶ ታየ። መለያው ዘፈኑ አጭር፥ ምቱ ፈጣን፥ የጊታሩ ድምፅ ሻካራ መሆኑ ነው። ለጥናታችን ይበልጥ የሚጠቅመን ግን ሐሳቡ ነው፤ ይኸውም ሙዚቃ ለመጫወት የትምህርት ቤት ምስክር ወረቀት ወይም የኩባንያ ፈቃድ አያስፈልግም፥ ጥቂት ኮርድ ያወቀ ሰው ወደ መድረክ ሊወጣ ይችላል የሚል ነው። ይሁን እንጂ ስማቸው የታወቀው የለንደን ባንዶች ብዙም ሳይቈዩ ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር ተዋዋሉ። «ሴክስ ፒስቶልስ» በ1976 ከኢ.ኤም.አይ.፥ «ዘ ክላሽ» በ1977 ከሲ.ቢ.ኤስ. ጋር ፈረሙ። ይህን እንደ ተቃርኖ የተመለከቱ ሌሎች ወጣቶች ሸክላቸውን ራሳቸው ወደ ማሳተም ዞሩ።

«ዘ ኤክስ» የተባለው ባንድ በ1979 በአምስተርዳም አካባቢ የተቋቋመው በዚህ መንፈስ ነው። ስሙ አጭር የሆነው በግድግዳ ላይ ቶሎ በቀለም ለመጻፍ እንዲመች ነው፤ ማን ምን እንደሚጫወትም ዕጣ በመጣጣል ወሰኑ ይባላል። እንግዲህ ችሎታ ቀድሞ ባንዱን አልሠራም፤ ባንዱ ቀድሞ ችሎታው በኋላ መጣ ማለት ነው።

ገንዘብ የሌላቸው ጀማሪዎች እንዴት ኖሩ? ለዚህ መልስ ለማግኘት የቤት ኪራይን ነገር መመልከት ይገባል። በዚያን ዘመን በአምስተርዳም የመኖሪያ ቤት እጥረት በርትቶ ሳለ ብዙ ሕንፃ ባዶውን ተዘግቶ ይቀመጥ ነበር። ወጣቶች ወደ ባዶዎቹ ቤቶች እየገቡ መኖር ጀመሩ፤ በአገሩ ቋንቋ ይህ «ክራከን» ይባላል። የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1971 የሰጠው ፍርድ ለድርጊቱ መጠጊያ ሆነው፤ በኋላም በ2010 በሕግ ፈጽሞ እስኪከለከል ድረስ በልዩ ልዩ ገደብ ሥር ቈየ። ከእነዚህ ቤቶች መካከል አንዳንዶቹ የመለማመጃና የማሳያ አዳራሽ ሆኑ። ኪራይ የማይከፍል ሙዚቀኛ በየሳምንቱ ቡና ቤት እየሄደ ሌላው ያዘዘውን ዘፈን ለመጫወት አይገደድም። ስለዚህ የመጀመሪያው የነጻነታቸው ምክንያት ወጪያቸው ትንሽ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሸክላው ባለቤትነት ነው። በተለመደው አሠራር ኩባንያው ለባንዱ ቅድሚያ ገንዘብ ይሰጣል፤ ይህንኑም ገንዘብ ከባንዱ የሽያጭ ድርሻ ላይ ቀንሶ ይወስዳል። የተቀዳው ዋናው ቅጂም አብዛኛውን ጊዜ የኩባንያው ንብረት ሆኖ ይቀራል። በዚህ ዐይነት ባንዱ ዕዳውን ከፍሎ ሳለ የከፈለበትን ነገር አይወርስም። ሸክላውን ራሱ የሚያሳትም ባንድ ግን ለማተሚያው ፋብሪካ ከኪሱ ይከፍላል፥ ከመድረኩ ሥር ይሸጣል፥ ያገኘውንም ለሚቀጥለው ሸክላ ያውላል። ካልተሸጠ ኪሳራው የራሱ ነው፤ ከተሸጠ ግን ምን እንደሚያትም የሚያዘው የለም። ዘ ኤክስ በ1983 በቮርመር ከተማ ስለ ነበረ አንድ የወረቀት ፋብሪካና ስለ ሠራተኞቹ የአራት ትንንሽ ሸክላዎች ስብስብ አወጣ። በ1986 ደግሞ ስለ እስፓኝ የ1936 አብዮት ሁለት ሸክላ ከፎቶግራፍ መጽሐፍ ጋር አሳተመ። ትርፍ የሚያሰላ ኩባንያ እንዲህ ላለው ሥራ ገንዘቡን ያወጣል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

ሦስተኛው ምክንያት የእርስ በርስ መረዳዳት ነው። እንደዚህ ያለ ባንድ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ የሚቀበለው የሆቴል ባለቤት ሳይሆን እንደ እርሱ ያለ ሌላ ባንድ ወይም የወጣቶች ማኅበር ነው። አስተናጋጁ ያበላል፥ ያሳድራል፥ የመግቢያ ወረቀት ይሸጣል፤ የእርሱም ተራ ሲደርስ ይኸው ይደረግለታል። የገጠሩን ወንፈል ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ድካሙም ቀላል አይደለም፤ መኪናውን የሚነዳው፥ የድምፅ ማጉያውን የሚሸከመውና ሒሳቡን የሚይዘው ያው ሙዚቀኛው ነው። ቢታመም ደመወዝ የሚቈርጥለት የለም።

ይህ አኗኗር በጆሮአቸውም ላይ ለውጥ አመጣ። «ይህ የእናንተ ዐይነት ዘፈን አይደለም» የሚል አለቃ ስለሌለ ከሩቅ የሰሙትን ይሞክሩ ነበር። በ1991 ከአሜሪካዊው የቼሎ ተጫዋች ከቶም ኮራ ጋር ባወጡት አልበም ውስጥ የሃንጋሪ ባላገር ዘፈን ይገኛል፤ ከ1984 ጀምሮ ከበሮ የምትመታው ካተሪና ቦርነፌልድም ትዘፍናለች። ዘፋኙ ጂ. ደብልዩ. ሶክ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ2009 ሲለይ አርኖልት ደ ቡር ተተካ፤ ባንዱም በ2025 አዲስ አልበም አውጥቷል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። በ1935 በይፋት የተወለዱት አቶ ጌታቸው መኩሪያ በክራርና በማሲንቆ ጀምረው ወደ ክላርኔትና ወደ ሳክስፎን ተሻገሩ። በ1949 በማዘጋጃ ቤቱ የሙዚቃ ጓድ፥ በ1955 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ በ1965 በፖሊስ ኦርኬስትራ ገቡ። እንደሚታየው ሦስቱም የመንግሥት ቤቶች ናቸው። በዚያ ሥርዓት ሙዚቀኛው ደመወዝ፥ ልብስና መምህር ያገኛል፤ ሳክስፎን በገዛ ገንዘቡ ለመግዛት የማይችል ወጣት መሣሪያ የሚጨብጠውም በዚህ መንገድ ነበር። በአንጻሩ መሣሪያው የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ የሚጫወተውንም የሚያዘው አለቃው ነው። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1969 አቶ አምሐ እሸቴ ይህን ተዳፍረው የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በውጭ አገር አሳትመው እስኪያወጡ ድረስ የግል ሸክላ አሳታሚ አልነበረም ለማለት ይቻላል።

ሆኖም አቶ ጌታቸው በዚሁ የደመወዝ ቤት ውስጥ ሳሉ ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን መጫወት ጀመሩ። የሽለላ አካሄድ በከበሮ ምት አይለካም፤ የሚለካው በፎካሪው ትንፋሽ ነው። ይህን ከሰው ጕሮሮ ወደ ናስ መሣሪያ ማሻገር የራሳቸው ፈጠራ ነው። ስለዚህ «ነጻ ድምፅ የሚወጣው ከነጻ ባንድ ብቻ ነው» ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። ልዩነቱ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው፤ ድምፁ የሰውየው ቢሆንም ባንዱም ሸክላውም የሰውየው አልነበሩም።

ዘ ኤክስ በ2002 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በልዩ ልዩ ከተሞች ተጫወተ። በ2004 ባንዱ የ25 ዓመት በዓሉን በአምስተርዳም ሲያከብር፥ የድሮ ሥራቸውን በቅጂ ያውቅ ነበርና አቶ ጌታቸውን ጋበዛቸው። እሳቸውም ከዚህ በኋላ ራሳቸው ዘ ኤክስ እንዲያጅባቸው መረጡ። በ2006 «ሞዓ አንበሳ»፥ በ2012 «ያንበሳው ትዝታ» የተባሉ አልበሞች ወጡ። አልበሞቹን ያሳተመው የባንዱ ጊታር ተጫዋች ቴሪ ሄሰልስ የሚመራው ትንሽ ማሳተሚያ ነው።

እነዚህ ሁለት ወገኖች ሊስማሙ የቻሉበትን ምክንያት ሸክላውን በማዳመጥ ማስረዳት ይቻላል። የእኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ያለው ስለ ሆነ፥ ብዙ ኮርድ ሲደራረብበት መልኩ ይደበዝዛል። የፐንክ ጊታር ግን አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ እየደጋገመ ይሄዳል፤ በላዩም ሳክስፎኑ እንደ ልቡ ይፎክራል። በወጣትነታቸው የኮርድ ትምህርት አለመማራቸው እዚህ ላይ ጠቀማቸው። ከሰባ ዓመት ዕድሜ አካባቢ የነበሩት ሰውም በአውሮፓ መድረክ ላይ የጀግና ልብስ ለብሰው የራሳቸውን ዜማ በመረጡት ባንድ ታጅበው ተጫወቱ። አቶ ጌታቸው በ2016 ዐረፉ።

ከዚህ ጥናት የምናገኘው ትምህርት ደመወዝ መጥፎ ነው፥ ወይም ባዶ ቤት ሰብሮ መግባት መልካም ነው የሚል አይደለም። የምንረዳው ባንድ የሚጸናው መሣሪያው፥ ቅጂውና ውሳኔው የማን እንደ ሆነ ከመጀመሪያው ሲታወቅ መሆኑን ነው። በጓደኞቻችን መካከል ባንድ ለማቋቋም የሚያስብ ቢኖር ከዘፈኑ ምርጫ በፊት ስለ ሦስቱ ነገሮች ተነጋግሮ በወረቀት ላይ ቢያሰፍር ይጠቀማል። እንዲሁም በቀድሞዎቹ የክብር ዘበኛ፥ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት ጓዶች ያገለገሉ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ፥ ስንት ይከፈላቸው እንደ ነበረና ለቀዱት ሸክላ ምን እንዳገኙ ቀርቦ መጠየቅና መመዝገብ ከእኛ ከተማሪዎች የሚጠበቅ ሥራ ነው።