ወቀሳ አልባ ግምገማ

ወቀሳ አልባ ግምገማ በሶፍትዌር ሥራ ላይ ከባድ ብልሽት ወይም የአገልግሎት መቋረጥ ከደረሰ በኋላ የቡድኑ አባላት ተሰብስበው «ማን አጠፋ?» ሳይሆን «ነገሩ እንዴት ሊሆን ቻለ?» ብለው የሚመረምሩበትና ያገኙትን በጽሑፍ የሚያስቀምጡበት አሠራር ነው። በሙያው «ፖስትሞርተም» በሚል ስምም ይታወቃል፤ ቃሉ የተወሰደው በሕክምና ከሚደረገው የአስከሬን ምርመራ ነው። የአሠራሩ መነሻ ሐሳብ ቀላል ነው። ስለ ስህተቱ ከሁሉም የበለጠ የሚያውቀው ስህተቱን የሠራው ሰው ነው፤ እርሱ ቅጣት ፈርቶ ዝም ካለ ቡድኑ ምንም ሳይማር ይቀራል፣ ስህተቱም በሌላ ሰው እጅ ይደገማል።

ስለ ስሙ

«ግምገማ» የሚለው ቃል በኢትዮጵያ የራሱ ታሪክ አለው። ከትጥቅ ትግሉ ዘመን መጥቶ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተስፋፋው ግምገማ ሂስና ግለ ሂስ የሚካሄድበት፣ የሠራተኛው ድክመት በስብሰባ ፊት የሚነሣበት መድረክ ነው። እዚህ የሚነገርለት ግምገማ የሚመረምረው ሥራውንና የሥራውን መሣሪያ እንጂ ሰውየውን አይደለም። ስለዚህ ሁለቱ ከስማቸው በቀር የሚጋሩት ጥቂት ነው።

አመጣጥ

ሐሳቡ ከሶፍትዌር በፊት በአቪዬሽንና በሕክምና ሥር ሰዷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 የተጀመረው የአቪዬሽን ደኅንነት ሪፖርት ሥርዓት አብራሪዎችና የበረራ ተቆጣጣሪዎች የራሳቸውን ስህተት በፈቃዳቸው እንዲያሳውቁ ይጋብዛል። ሪፖርቱን የሚቀበለው የመቅጣት ሥልጣን ያለው የአቪዬሽን አስተዳደር ሳይሆን ናሳ ነው፤ የአቅራቢው ማንነትም ከመዝገቡ እንዲወጣ ይደረጋል።

በሕክምናው በኩል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሆስፒታል ቡድኖች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና የተሻለ ተግባብቶ የሚሠራ ቡድን ጥቂት ስህተት ይኖረዋል ብላ ጠብቃ ነበር። መረጃው ግን የተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኘ፤ በጥሩ ቡድኖች ዘንድ የተመዘገበው ስህተት የበለጠ ነበር። ማብራሪያዋ እነዚህ ቡድኖች ስህተታቸውን ሳይደብቁ ይናገሩ ስለነበር ነው የሚል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው ጥናት ይህንን ሳይፈሩ የመናገር ሁኔታ «ሥነ ልቦናዊ ደኅንነት» በሚል ስም አብራራችው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለአለቆች የሚመች አይደለም፤ ስህተት የማይመዘገብበት ቡድን ስህተት የማይሠራ ላይሆን ይችላልና።

ወደ ሶፍትዌር ሥራ በስፋት የገባው ጆን ኦልስፓው በኤትሲ ኩባንያ ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የድርጅቱን ልምድ በጽሑፍ ካካፈለ በኋላ ነው።

የጊትላብ ምሳሌ

ጊትላብ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበትና በጋራ የሚሠሩበት አገልግሎት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዩወሪ 31 ቀን 2017 (ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም.) በዋናው ዳታቤዝ ላይ ጫና ስለበዛ፣ ቅጂውን የሚይዘው ሁለተኛው ሰርቨር ወደ ኋላ ቀረ፤ በኋላም መቅዳቱን ጨርሶ አቆመ። አንድ ኢንጂነር ቅጂውን እንደ አዲስ ለማስጀመር የሁለተኛውን ሰርቨር የዳታ ማኅደር ማጥፋት ነበረበት። ትእዛዙን የሰጠው ግን በዋናው ሰርቨር ላይ ነበር። በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ነቅቶ ቢያስቆመውም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ያህል ብቻ ሆነ።

ምርመራው እዚህ ላይ ቢቆም ውጤቱ «አንድ ሰው ተሳሳተ» የሚል ብቻ ይሆን ነበር። ድርጅቱ ለሕዝብ ያወጣው ዘገባ ግን መጠየቁን ቀጠለ። መጠባበቂያ ቅጂው ለምን አልተገኘም? በየቀኑ ዳታቤዙን የሚቀዳው ፕሮግራም ሥሪቱ የቆየ ስለነበርና ከዳታቤዙ ሥሪት ጋር ስለማይገጥም ይከሽፍ ነበር። መክሸፉን ለምን ማንም አላወቀም? ማስጠንቀቂያውን የሚያደርሱት ኢሜይሎች በተቀባዩ በኩል ውድቅ እየተደረጉ ለሠራተኞቹ አይደርሱም ነበር። ቅጂው መሥራቱ ለምን በየጊዜው አልተፈተነም? ፈተናው የማን ሥራ እንደሆነ አልተወሰነም ነበርና።

አገልግሎቱ የዳነው ከአደጋው 6 ሰዓታት ገደማ ቀደም ብሎ ለሌላ ሥራ በእጅ በተወሰደ ቅጂ ነው፤ ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ ነበር። ቅጂውን መልሶ ለመጫን 18 ሰዓታት ያህል ፈጀ። የተጠቃሚዎች ኮድ ባይጠፋም በመካከሉ የተመዘገቡ ወደ 5,000 የሚጠጉ ፕሮጀክቶች፣ የዚያኑ ያህል አስተያየቶችና ወደ 700 የሚሆኑ አዳዲስ የተጠቃሚ መለያዎች ከዳታቤዙ ጠፍተዋል። ድርጅቱ የማዳኑን ሥራ በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላልፏል። ኢንጂነሩን ማባረር ውድቅ የሚደረጉትን ኢሜይሎች አያስተካክልም ነበር። ከታሰቡት ማስተካከያዎች አንዱ እንዲያውም በጣም ትንሽ ነገር ነበር፦ ሠራተኛው የትኛው ሰርቨር ላይ እንዳለ በቀላሉ እንዲለይ የትእዛዝ መጻፊያው መስመር በየሰርቨሩ በተለየ ቀለም እንዲታይ ማድረግ።

አካሄድ

የትኛው ብልሽት ግምገማ እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ይወሰናል፤ ለምሳሌ መረጃ የጠፋበት ወይም አገልግሎት ከተወሰነ ጊዜ በላይ የተቋረጠበት። ግምገማው ትዝታው ሳይደበዝዝ በቀናት ውስጥ ይካሄዳል። በቅድሚያ የሚሠራው የጊዜ ቅደም ተከተል ነው፦ በየደቂቃው ምን ታየ፣ ምን ተደረገ፣ በዚያ ሰዓት ሠራተኛው ምን ያውቅ ነበር። የመጨረሻው ጥያቄ ዋናው ነው፤ ነገሩ ካለፈ በኋላ ለሁሉም ግልጽ የሚመስለው ስህተት በሰዓቱ ትክክለኛ እርምጃ መስሎ ታይቶ ሊሆን ይችላል። ስብሰባውን በጉዳዩ ያልነበረ ሰው ቢመራው ይመረጣል። በጽሑፉም «እገሌ» ከማለት ይልቅ «ተረኛው ኢንጂነር» ይባላል።

ጽሑፉ ካልተነበበ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የሲስተም አስተማማኝነት መጽሐፍ እንደተገለጸው በድርጅቱ «የወሩ ፖስትሞርተም» ተመርጦ ለሠራተኞች ይሰራጫል፤ አዳዲስ ኢንጂነሮችም የቀድሞ ብልሽቶችን እንደ ድራማ እየተጫወቱ ይለማመዳሉ።

ትችትና ገደብ

ከቶዮታ ፋብሪካ የተወረሰው «ለምን?» እያሉ አምስት ጊዜ የመጠየቅ ዘዴ በጊትላብም ሠርቷል፤ ኦልስፓው ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ተችቶታል። ጥያቄው ብዙ መንስኤ ያለውን ነገር በአንድ መስመር ይነዳል፣ መጨረሻውም ብዙ ጊዜ ወደ ሰው ያመራል፤ ስለዚህ «እንዴት?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል ይላል። በአማርኛ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ቁጣ ነው፣ «እንዴት አድርገህ ሠራኸው?» ግን ወሬ ያስጀምራል።

ሌላው የተለመደ ድክመት የተጻፈው ማስተካከያ ሠሪና ቀን ሳይቆረጥለት መቅረቱ ነው። ወቀሳ አለመኖሩም ተጠያቂነትን አያስቀርም፤ ስህተት የሠራው ሰው የሆነውን በዝርዝር የማስረዳት ግዴታ ይኖርበታል፣ ብዙ ጊዜም ማስተካከያውን የሚሠራው እርሱ ነው። ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት፣ ለምሳሌ የደንበኛን መረጃ መስረቅ፣ በዚህ አሠራር አይታይም፤ ለሕግና ለዲሲፕሊን ይተዋል።